የጠንካራው ብረት ታሪክ፤ ከእሳት እስከ ብርሃን

(በራዲዮ ከተነገረው)

አባቶቻችን «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌ ከአንጥረኛው ምድጃ አጠገብ የተወለደ እውነት ነው። ብረት በእሳት ሲግል ይለዝባል፤ ሲለዝብም ለመዶሻ ይታዘዛል፤ ሲበርድ ደግሞ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ማረሻውም ማጭዱም ቢላዋውም የተሠሩት በዚሁ ሥርዐት ነው። ዛሬ ታሪኩን የማወጋችሁ ብረት ግን ለዚህ ምሳሌ የማይገዛ ነው። ቢያግሉት ለመዶሻ አይመችም፤ ቢቀጠቅጡት ይሰበራል እንጂ አይዘረጋም፤ በሞረድ ቢሞርዱት የሚያልቀው ሞረዱ ነው።

ይህን ብረት አላውቀውም የሚል ሰው ቢኖር የደረት ኪሱን ይመልከት። በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወሻና ደብዳቤ የምንጽፍበት እስክሪብቶ ጫፉ ላይ እየተንከባለለች ቀለሙን የምታወጣ አንዲት ደቃቅ ኳስ አለችው። ስፋቷ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም። ይህች ኳስ በብዙዎቹ እስክሪብቶዎች ከዚሁ ብረት የተሠራች ናት። መንገድ ሲሠራ ዐለቱን የሚበሳው የመሰርሰሪያ ጫፍ፥ በቶርኖ ላይ ብረትን እንደ ቅቤ የሚልጠው ስለት፥ ከማዕድን ጉድጓድ ድንጋይ የሚፈለፍለው ጥርስ ሁሉ የዚህ ብረት ወገን ነው። መሐንዲሶች «ጠንካራ ብረት» ይሉታል፤ በገበያ ግን በይበልጥ የሚታወቀው «ካርባይድ» በሚለው ስሙ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ጥቂት ነገር ብቻ ሊቈርጠው የሚችል ብረት ራሱ ቅርጹን ከየት ያገኛል? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ አንድ መቶ ዓመት ያህል የፈጀ ታሪክ አለው። ታሪኩም የእሳትና የብርሃን ታሪክ ብቻ ሳይሆን፥ ዕውቀትን በቁልፍ የያዙና ቁልፉን ከእጃቸው የጣሉ ሰዎች ታሪክ ነው። በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የነገሩ ሥር ቱንግስተን የተባለው ማዕድን ነው። ስሙ ከስዊድን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ከባድ ድንጋይ» ማለት ነው። በ1781 ዓ. ም. ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለው የስዊድን ኬሚስት ከዚህ ድንጋይ ውስጥ ከዚያ በፊት የማይታወቅ አሲድ አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1783 ዓ. ም. ሁዋን ሆሴና ፋውስቶ ዴ ኤልሁያር የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች በስፔን አገር፥ በባስክ ምድር በምትገኘው በበርጋራ ከተማ፥ ብረቱን ራሱን ለይተው አገኙት። ይህ ብረት ከብረታ ብረት ሁሉ ይልቅ እሳትን የሚቋቋም ነው፤ የሚቀልጠው ሙቀቱ 3,422 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ክብደቱም ከወርቅ ጋራ የሚተካከል ነው።

ቱንግስተን ከካርቦን ጋራ፥ ማለት ከከሰል ባሕርይ ጋራ ሲዋሐድ ደግሞ ከራሱም የጠነከረ ሌላ ነገር ይሆናል። በ1890ዎቹ ዓመታት ሄንሪ ሞዋሳን የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በፓሪስ በኤሌክትሪክ ምድጃው ሰው ሠራሽ አልማዝ ለማግኘት ይደክም ነበር። ይህ ሰው በሌላ ሥራውና በዚሁ ምድጃው ምክንያት በ1906 ዓ. ም. የኖቤልን ሽልማት የተቀበለ ነው። ሲመኘው የነበረውን አልማዝ ግን አላገኘም፤ ከምድጃው ከወጡት ልዩ ልዩ ነገሮች አንዱ የቱንግስተንና የካርቦን ውሕድ ነበር። ጥንካሬው ወደ አልማዝ የሚጠጋ ሆኖ ሳለ አንድ ትልቅ ጕድለት ነበረበት፤ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነበር። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የሊቃውንት መደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ቀረ።

ከመደርደሪያው ያወረደው የኤሌክትሪክ አምፖል ነው። በዚያን ዘመን የአምፖሉ ክር ከቱንግስተን የሚሠራ ሲሆን፥ ብረቱን እንደ ጠጕር እስኪቀጥን ድረስ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እያሳለፉ መሳብ ያስፈልግ ነበር። ይህን ያህል ጠንካራ ክር ሲያልፍበት ሳይሰፋ የሚቈይ ቀዳዳ ከአልማዝ በቀር ሊሠራ አልቻለም። አልማዝ ደግሞ ውድ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን በገንዘብ ችግር ላይ ሳለች፥ በበርሊን ኦስራም የተባለው የአምፖል ኩባንያ የምርምር ክፍል አልማዙን የሚተካ ነገር ይፈልግ ጀመር።

መልሱን ያገኘው በዚያ ክፍል ይሠራ የነበረው ካርል ሽሮተር ነው። የፈጠራ መብቱ የተመዘገበበት ዘመን 1923 ዓ. ም. ነው። የሐሳቡ መሠረት ለእኛ አገር ግንበኛ እንግዳ አይሆንበትም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ቢከመር ግድግዳ አይሆንም፤ በመካከሉ ጭቃ ወይም ኖራ ሲገባ ግን ድንጋዩ ጥንካሬውን፥ ጭቃውም መያያዝን አዋጥተው ግድግዳው ይቆማል። ሽሮተርም የካርባይዱን ዱቄት እንደ ድንጋይ፥ ኮባልት የተባለውን ብረት እንደ ጭቃ አደረገ። ኮባልቱ ከመቶው ዐሥር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሁለቱ በዱቄትነታቸው ተደባልቀው፥ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በኀይል ተጨምቀው፥ ወደ 1,400 ዲግሪ በሚደርስ እቶን ውስጥ ሲገቡ ኮባልቱ ይቀልጥና በካርባይዱ ቅንጣቶች መካከል ይሰርጋል። ሲቀዘቅዝ የሚገኘው ነገር በከፊሉ ሸክላ መሰል፥ በከፊሉ ብረት የሆነ አንድ አካል ነው፤ ከሸክላው ጥንካሬን፥ ከብረቱ አለመሰበርን ወርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናችኋለሁ። ይህ ብረት ቅርጹን የሚያገኘው ጠንካራ ከሆነ በኋላ አይደለም፤ ገና ዱቄት ሳለ ነው። ከእቶኑ በፊት በእጅ የሚፈረፈር እንደ ጠመኔ ያለ ነገር ነው፤ ከእቶኑ በኋላ እንደ አልማዝ ካሉ ጥቂት ነገሮች በቀር የሚነካው የለም። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዋ ገንቦዋን ጭቃው እርጥብ ሳለ እንደምታበጅ፥ የጠንካራው ብረት ሠሪም ያለችው ዕድል ይህች አጭር የልስላሴ ጊዜ ብቻ ናት። ቀጥሎ የምትሰሙት ታሪክ ሁሉ ይህችን አጭር ጊዜ እንዴት በተሻለ መንገድ እንጠቀምባት የሚል ጥረት ነው።

የሽሮተር ሥራ ከአምፖል ፋብሪካ አልፎ ወደ ታላቁ የብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ገባ። በኤሰን ከተማ የሚገኘው የክሩፕ ኩባንያ መብቱን ተቀብሎ በ1926 ዓ. ም. ማምረት ጀመረ፤ የሸቀጡንም ስም «ዊዲያ» አለው። ይህም በጀርመንኛ «እንደ አልማዝ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተውጣጣ ነው። በ1927 ዓ. ም. በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ለሕዝብ ሲታይ የቶርኖ ባለሙያዎች ተገረሙ፤ ከዚያ በፊት በነበረው የብረት ስለት ቀስ ብለው የሚልጡትን ብረት በብዙ እጥፍ ፍጥነት ሲልጠው አይተዋልና።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ግን ለዕውቀት ሳይሆን ለዋጋ የተደረገ ነበር። በ1928 ዓ. ም. ክሩፕና የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ስምምነት አደረጉ፤ የአሜሪካ ገበያ ለአሜሪካው ኩባንያ ተተወ፤ ዋጋውንም እንዲወስን ሥልጣን አገኘ። ከስምምነቱ በፊት አንዱ ፓውንድ፥ ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፥ ወደ 50 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው ሸቀጥ እስከ 453 ዶላር ደረሰ። በዚያን ዘመን የአንድ ፓውንድ ወርቅ ዋጋ ከ300 ዶላር እምብዛም የማያልፍ ስለ ነበረ፥ ከከሰልና ከማዕድን ዱቄት የተሠራው ብረት ከወርቅ በላይ ተሸጠ ማለት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በነፃ ንግድ ሕግ መሠረት ክስ አቀረበ፤ ጉዳዩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተነሣ ዘግይቶ በ1948 ዓ. ም. በኒውዮርክ ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹ ጥፋተኞች ተብለው ተፈረደባቸው። ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ግን ሃያ ዓመት አልፎ ነበር፤ በእነዚያ ዓመታትም ስንት ትንንሽ ፋብሪካ በውድነቱ ምክንያት ይህን ስለት ሳይጠቀም እንደ ቀረ መገመት አያዳግትም።

የፓተንቱ ዘመን አልፎ ዋጋው ሲረክስ እንኳ ሌላ ቁልፍ ቀርቶ ነበር። እርሱም ቅርጽ ማውጫው ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ ራሱን የቻለ የብረት ማውጫ ተቀርጾ መዘጋጀት አለበት። መቶ ሺህ አንድ ዓይነት ዕቃ ለሚያመርት ፋብሪካ ይህ ወጪ ምንም አይደለም፤ ዐሥር ብቻ ለሚፈልግ ግን ማውጫው ከዕቃው ይበልጥ ይከብዳል። ከዚህም በላይ ማውጫ የሚሰጠው ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቅርጽ ነው። በስለቱ ውስጥ ተጠማዞ የሚያልፍ የማቀዝቀዣ ውኃ መንገድ ለመሥራት ቢፈለግ፥ ማውጫው ሊያደርገው አይችልም፤ ከእቶን ከወጣ በኋላም ጠማማ ቀዳዳ የሚበሳለት መሣሪያ የለም።

ይህን ቁልፍ ለመክፈት የመጣው ከብረት ሠሪዎች ወገን ሳይሆን ከብርሃን ወገን ነው።

አንዳንድ ፈሳሽ ሙጫዎች አሉ፤ ሬዚን ይባላሉ። በጨለማ ሲቀመጡ ፈሳሽ ሆነው ይቈያሉ፤ አልትራቫዮሌት የተባለው ለዓይን የማይታየው ብርሃን ሲያርፍባቸው ግን ወዲያው ይጠነክራሉ። በ1980 ዓ. ም. በጃፓን አገር በናጎያ ከተማ አስተዳደር ሥር ባለ የኢንዱስትሪ ምርምር ድርጅት ውስጥ የሚሠራው ሂዴኦ ኮዳማ አንድ ሐሳብ መጣለት። ብርሃኑን በፈለጉት ሥዕል አምሳል በሬዚኑ ላይ ቢያሳርፉት አንድ ስስ ንብርብር ይጠነክራል፤ በላዩም አዲስ ሬዚን አፍስሰው ሌላ ሥዕል ቢያሳርፉበት ሁለተኛው ንብርብር ከፊተኛው ጋራ ይጣበቃል፤ እንዲህ እየተደራረበ ሲሄድ ያለ ማውጫና ያለ ስለት ሙሉ ዕቃ ይነሣል። እንጀራ በእንጀራ ላይ ሲደራረብ ሞሰቡን እንደሚሞላ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ ንብርብር የየራሱ ቅርጽ ያለው መሆኑ ነው።

ኮዳማ የፈጠራ መብት ማመልከቻውን አስገባ፤ በ1981 ዓ. ም. ሥራውን በአሜሪካ በሚታተም የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣ። ነገር ግን በጃፓን ሕግ ማመልከቻ ማስገባት ብቻ አይበቃም ነበር፤ አመልካቹ ማመልከቻው እንዲመረመርለት በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ ጥያቄ ማቅረብ ይገባው ነበር። ይህ ሳይፈጸም ጊዜው አለፈ፤ ማመልከቻውም ዋጋ አጣ። በፈረንሳይ ደግሞ አላን ለ መኦቴ፥ ኦሊቪዬ ደ ዊትና ዣን ክሎድ አንድሬ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ተመሳሳይ ፈጠራ በጁላይ 16 ቀን 1984 ዓ. ም. አስመዘገቡ። የሚሠሩላቸው ድርጅቶች ግን የንግድ ተስፋ የለውም ብለው ነገሩን ተዉት።

ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ፥ በኦገስት 8 ቀን 1984 ዓ. ም.፥ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሚኖረው ቻርልስ ሃል የራሱን ማመልከቻ አስገባ። ሃል ይሠራበት የነበረው ኩባንያ በአልትራቫዮሌት መብራት የጠረጴዛ ቅብ የሚያጠነክር ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት፥ በ1983 ዓ. ም.፥ በብርሃን የሠራው የመጀመሪያው ዕቃ አንዲት ትንሽ የዓይን ማጠቢያ ጽዋ ነበረች። ሃል ማመልከቻውን እስከ መጨረሻው ተከታተለ፤ በማርች 11 ቀን 1986 ዓ. ም. መብቱን አገኘ፤ በዚያው ዓመትም ኩባንያ አቋቋመ። ዓለም ዛሬ ባለ ሦስት አውታር ኅትመት ከሚለው ሥራ ጋራ አያይዞ የሚጠራው በይበልጥ የእርሱን ስም ነው። ኮዳማ በ1995 ዓ. ም. ከሃል ጋራ አንድ የእንግሊዝ ሽልማት ተካፍሏል፤ ክብሩ ተመለሰለት፤ መብቱ ግን አልተመለሰም።

ክቡራን አድማጮች፥ በመዝገብና በፋይል መካከል የምንውል ሁሉ ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ብቻ ልንሰማው አይገባም። በሦስት አገር የነበሩ ሰዎች ወደ አንድ ሐሳብ ደርሰዋል፤ የለያቸው የአእምሮ ብልጫ አልነበረም። አንዱ ወረቀት በጊዜው አልተከተለም፤ ሁለተኛው ወረቀት የበላይ አለቆች እጅ ላይ ተስፋ አጣ፤ ሦስተኛው ግን እስከ መጨረሻው ማኅተም ድረስ ተሸኘ። ጠንካራው ብረት አጭር የልስላሴ ጊዜ እንዳለው ሁሉ፥ አዲስ ሐሳብም በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ አጭር ጊዜ አለው።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። የሃል መሣሪያ የሚሠራው የሙጫ ዕቃ ነበር፤ ለናሙና ይሆናል እንጂ ዐለት አይበሳም። ነገር ግን በሬዚኑ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ቢደባለቅስ? ብርሃኑ ሙጫውን ሲያጠነክረው ዱቄቱ በውስጡ ተይዞ ይቀራል፤ በኋላ ሙጫው በእሳት ሲቃጠል ዱቄቱ ብቻ ይቀርና በእቶን ይያያዛል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሚሼል ግሪፊትና ጆን ሃሎራን ይህን በአሉሚናና በሲሊካ ዱቄት ፈጽመው አሳዩ። የገጠማቸውም ችግር በጉም ውስጥ መኪና የነዳ ሰው የሚያውቀው ነው። መብራቱ በጉሙ ጠብታዎች ላይ እየተበተነ ወደ ፊት ርቆ እንደማይዘልቅ፥ በዱቄት በተሞላ ሬዚን ውስጥም ብርሃኑ በየቅንጣቱ እየተነጠረ ጥልቀት ያጣል።

በኋላ መሣሪያው ተሻሻለ። በ1987 ዓ. ም. ላሪ ሆርንቤክ የተባለው የቴክሳስ ኢንስትሩሜንትስ መሐንዲስ እያንዳንዳቸው ከጠጕር ውፍረት የሚያንሱ፥ በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ወዲያና ወዲህ የሚያጋድሉ የመስተዋቶች ሰሌዳ ፈጥሮ ነበር። በዚህ ሰሌዳ ላይ ብርሃን ሲያርፍ አንድ ሙሉ ሥዕል ባንድ ጊዜ ይንጸባረቃል፤ ስለዚህ ንብርብሩን በነጥብ በነጥብ መሳል ቀርቶ ባንድ ብልጭታ ማጠንከር ተቻለ። በቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ይህን ዘዴ ለሸክላ ዱቄት አሠልጥነው፥ በ2011 ዓ. ም. ሊቶዝ የተባለው ኩባንያ ከዚያ ወጥቶ ተመሠረተ። ዛሬ ጥርስና አጥንት የሚተኩ፥ እሳትና አሲድ የሚቋቋሙ ነጫጭ የሸክላ ዕቃዎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

«ነጫጭ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ነጭ ዱቄት ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ አይበላውም። የጠንካራው ብረት ዱቄት ግን ጥቁር ግራጫ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ይውጠዋል። ነገሩን በጋቢ እንመስለው። አንዱ ድርብ ጋቢ ከፀሐይ ብርሃን ግማሹን ቢያስቀር፥ ሁለተኛው ድርብ የቀረውን ግማሽ፥ ሦስተኛውም ከዚያ የተረፈውን ግማሽ ያስቀራል። ስለዚህ ብርሃኑን እጥፍ ቢያደርጉት አንድ ድርብ ብቻ ይጨምራል እንጂ ጥልቀቱን እጥፍ አያደርገውም። በጥቁር ዱቄት ውስጥ ደግሞ ብርሃኑን በግማሽ የሚያስቀረው እያንዳንዱ ድርብ እጅግ ስስ ነው። ከዚህ የተነሣ በካርባይድ ድብልቅ ውስጥ ብርሃን የሚያጠነክረው ከሺህ የሚሊሜትር ክፍል ጥቂት ዐሥሮችን ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። ንብርብሩ ከዚህ የወፈረ ከሆነ ከታችኛው ጋራ ሳይጣበቅ ይላጣል።

ሁለተኛው ችግር ክብደት ነው። ካርባይድ ከውኃ ዐሥራ አምስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ሬዚኑ ግን ከውኃ እምብዛም አይለይም። ድብልቁ ጥቂት ቢቆም ዱቄቱ እንደ ጠላ አተላ ከሥር ይዘቅጣል። ስለዚህ ድብልቁን የሚያወፍሩና ቅንጣቶቹን ለያይተው የሚይዙ ቅመሞች ይገቡበታል። ዱቄቱን አሳንሶ ማቅለል አይቻልም፤ ምክንያቱም ሙጫው ሲቃጠል ቦታው ባዶ ይቀራል። ከድብልቁ ይዘት ከመቶ አርባ አምስቱ ብቻ ዱቄት ቢሆን፥ በብርሃን አንድ መቶ ሚሊሜትር ሆኖ የተሠራው ዕቃ ከእቶን ሲወጣ ሰባ ሰባት ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ሠሪው ይህን መኮማተር አስቀድሞ አስልቶ ዕቃውን በትልቁ መሥራት አለበት፤ መኮማተሩ በሁሉም ወገን እኩል ካልሆነ ዕቃው ይጣመማል።

ሦስተኛው ችግር ሙጫውን ማስወጣት ነው። እሳቱ ቢፈጥን በውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ አጥቶ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ቀስ በቀስ፥ ብዙ ሰዓት፥ አንዳንዴም ቀናት ወስዶ ይጨመራል። አራተኛውም ከሁሉ የረቀቀው የካርቦን ሚዛን ነው። የቱንግስተን ካርባይድ ከክብደቱ መቶ እጅ ስድስት ያህሉ ካርቦን ነው። ይህ ጥቂት ቢጐድል በውስጡ ተሰባሪ የሆነ ሌላ ውሕድ ይወለዳል፤ ጥቂት ቢበዛ ደግሞ ልቅ የሆነ ግራፋይት፥ ማለት እንደ እርሳስ ውስጠኛ ያለ ለስላሳ ነገር ይቀራል። ሙጫ ደግሞ ሲቃጠል ጥላሸት ይተዋል፤ ጥላሸትም ካርቦን ነው። ስለዚህ ሠሪው የዱቄቱን ካርቦን ብቻ ሳይሆን የጭሱንም ጭምር ይመዝናል፤ በእቶኑ ውስጥ ሃይድሮጂን የተባለውን ጋዝ እያሳለፈም ትርፉን ይጠርጋል።

«ይህን ሁሉ ድካም ከመቀበል በጨረር ዱቄቱን ባንድ ጊዜ ማቅለጥ አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይህም ተሞክሯል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ በኦስቲን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ካርል ዴካርድ የተባለ ተማሪ ዱቄትን በሌዘር ጨረር እያያያዙ ዕቃ የመሥራትን ዘዴ ጀምሮ ነበር፤ ዘዴው ለብዙ ብረታ ብረት መልካም ሆኗል። ጠንካራው ብረት ግን ለድንገተኛ እሳት አይመችም። ጨረሩ በሚያርፍበት ነጥብ ላይ ሙቀቱ ከልክ ያልፍና ኮባልቱ ይተናል፤ ካርባይዱም ካርቦኑን ይጥላል፤ ነጥቡ ወዲያው ሲበርድ ደግሞ ዕቃው ይሰነጠቃል። ሌላው መንገድ በኤማኑኤል ሳክስና በባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1989 ዓ. ም. ለፓተንት የቀረበው፥ በዱቄት ላይ ሙጫን በጠብታ የሚረጨው ዘዴ ነው። ይህ ወደ ገበያ ቀድሞ የደረሰ ሲሆን፥ በእርሱ የተሠሩ የካርባይድ ዕቃዎች ይሸጣሉ። በብርሃን የሚሠራው ወገን እስካሁን ይበልጡን በምርምር ቤቶችና ትንንሽና ረቂቅ በሆኑ ዕቃዎች ላይ ነው ያለው፤ የንብርብሩ ስስነት ድካሙን ቢያበዛም ጠብታ የማይደርስበትን ጥራት የሚሰጠው ያው ስስነቱ ነውና።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ጐልቶ ይታያል። በብርሃን የሚሠራ ሰው የሽሮተርን ግኝት አላፈረሰም። ካርባይዱም ኮባልቱም እቶኑም ከ1923 ዓ. ም. ጀምሮ ያሉት ናቸው። ብርሃን የተካው የብረት ማውጫውን ብቻ ነው። ጥንካሬን የሚሰጠው አሁንም እሳት ነው፤ ብርሃን የሚሰጠው ቅርጽን ነው። ሁለቱን ሥራ ባንድ ጊዜ ለመፈጸም የቸኰለው የጨረር መንገድ ተሰናከለ፤ ሥራውን ለሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ጊዜውን የሰጠው መንገድ ግን አዝጋሚ ቢሆንም ወደ ፊት ይሄዳል።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል ትሉ ይሆናል። ኮባልት ከዓለም ማዕድን ከግማሽ በላዩ የሚወጣው ከዚህችው ከአፍሪካችን፥ ከኮንጎ ምድር ነው። ቱንግስተኑ በአብዛኛው የሚወጣው ከቻይና ነው። የአፍሪካ ኮባልት በጥሬነቱ በዝቅተኛ ዋጋ ይወጣና፥ በሩቅ አገር ከካርባይድ ጋራ ተጋግሮ፥ የዐለት መብሻ ጥርስ ሆኖ በብዙ እጥፍ ዋጋ ይመለሳል። የዋጋው ልዩነት ያለው በማዕድኑ ውስጥ አይደለም፤ በቅርጹ ውስጥ ነው። በ1928 ዓ. ም. ዋጋውን ወደ 453 ዶላር ያደረሰው የማዕድኑ መጥፋት አልነበረም፤ ዕውቀቱ በጥቂቶች እጅ መቈለፉ ነው። የብረት ማውጫ ከባድ ፋብሪካ ይጠይቃል፤ ጥቂት ዕቃ በየዓይነቱ ለሚፈልግ አገር አይመችም። ማውጫ የማይፈልገው መንገድ ግን ዐሥር ዕቃ ለሚፈልገውም በሩን ይከፍታል። የመጀመሪያዎቹ ፓተንቶችም ዘመናቸው አልፏል፤ ያልተቈለፈውን በር ለመክፈት የሚጠየቀው የተማረ እጅና የተሟላ እቶን ነው።

እርግጥ ነው፤ እቶኑም ሃይድሮጂኑም የካርቦን ሚዛኑም ቀላል ሥራ አይደሉም፤ አንድ መሣሪያ ገዝቶ በማምጣት ብቻ አይገኙም። ለዚህ የሚሆነው ሰው በቴክኒክ ትምህርት ቤት ተዘጋጅቶ፥ ዱቄትን መመዘንና እሳትን መግዛት የተማረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ ሐሳብ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት በመጣ ጊዜ ደግሞ ማመልከቻውን የምንቀበለው እኛው ነን። የናጎያው ኮዳማ ሐሳብ ያጣው ብርሃን አልነበረም፤ ያጣው ቀኑ ሳያልፍ የተፈጸመ አንድ ወረቀት ነበር። ስለዚህ በእጃችን ያለው እስክሪብቶ ጫፏ የጠንካራው ብረት ልጅ መሆኗን እያሰብን፥ በጠረጴዛችን ላይ ያለውን ፋይል ጊዜው ሳያልፍበት እንፈርምበት።